ጎማው ለምን ይዘላል? ስለ ጉልበተኛ ፒክአፕ የኋላ ባሌስትራ

ከአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ብዙ ጉልበት ያለው ፒክአፕ ከቆመበት በኃይል ሲነሣ የኋላው ለምን ይንዘፈዘፋል? ምን ቢገጠምለትስ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚመጣው በአብዛኛው የአሜሪካኖቹን የድራግ ውድድር በስልክ ከማየት ነው። ድራግ ማለት ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር ያህል የሚሽቀዳደሙበት ነው። ውድድሩ የእነሱ ይሁን እንጂ ባሌስትራው የእኛም ነው። በየጋራዡ የምናየው ፒክአፕና አይሱዙ በዚሁ ብረት ላይ ተቀምጧል፤ ብረቱም የትም አገር ባሕርዩ አንድ ነው።

አንድ እውነተኛ መኪና ይዘን እንሂድ። ፎርድ ከ1999 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የሠራው ኤፍ-150 ላይትኒንግ ነው (በ2022 የወጣውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሞክሼውን ማለታችን አይደለም)። ከ2001 ወዲህ የተሠራው ባለ 5.4 ሊትር ሞተር፣ በሱፐርቻርጀር እየታገዘ 380 የፈረስ ጉልበትና 610 ኒውተን ሜትር ያህል ቶርክ ይሰጣል። ኋላው ግን ያው እንደማንኛውም የጭነት ፒክአፕ ሙሉ አክስልና ባሌስትራ ነው።

አሁን ጠመኔ እናንሣ። 610ን በአንደኛ ማርሽ 2.71፣ ከዚያም በዲፈረንሻሉ 3.73 ስናባዛ አክስሉ ላይ 6,170 ኒውተን ሜትር ያህል እናገኛለን። የጎማው ሬዲየስ 0.36 ሜትር ስለሆነ ጎማው መንገዱን የሚገፋበት ኃይል 17,100 ኒውተን ይሆናል። በሰበቃ የሚጠፋውንና ቶርክ ኮንቨርተሩ የሚጨምረውን ለጊዜው ትተናል።

ለመሆኑ ጎማው ይህን ያህል መያዝ ይችላል? መኪናው 2,100 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 900ው ኋላ ላይ ያርፋል፣ የክብደት ማእከሉም ከመሬት 0.7 ሜትር ከፍ ይላል ብለን ለስሌት እንውሰድ። በፊትና በኋላ አክስል መሀል ያለው ርቀት 3.04 ሜትር ነው። መኪናው ሲነሣ ክብደት ወደ ኋላ ይዛወራል፤ መጠኑም የመኪናው ክብደት ሲባዛ በፍጥነት ጭማሪው (በጂ ተለክቶ)፣ ሲባዛ በማእከሉ ቁመት፣ ሲካፈል ለአክስሎቹ ርቀት ነው። ተራ የመንገድ ጎማ የሰበቃ መጠኑን 0.9 ብናደርገው፣ ጎማው ሳይንሸራተት መግፋት የሚችለው 10,000 ኒውተን ገደማ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ሞተሩ 17,100 ይልካል፣ ጎማው 10,000 ይይዛል። የቀረው ጢስ ነው!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ባሌስትራውን ብናለሰልሰው ወይም ኋላውን ዝቅ ብናደርገው ብዙ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል» የሚል አባባል በየጋራዡ ይሰማል። እስቲ ቀመሩን እንደገና እንመልከተው። ባሌስትራ የሚባል ነገር ውስጡ አለ? የለም። የኋላው ቁጭ ማለቱ ለዓይን ብዙ ይመስላል እንጂ የሚዛወረውን መጠን አይወስንም። እንዲያውም መኪናውን ዝቅ ማድረግ የማእከሉን ቁመት ስለሚቀንስ የሚዛወረውን ያሳንሳል። ባሌስትራና አሞርዛተር የሚወስኑት ኃይሉ ጎማው ላይ ምን ያህል ቶሎና ምን ያህል ሳይወዛወዝ እንደሚያርፍ ነው።

ወደ ዝላዩ እንምጣ። አክስሉ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር ጎማው በአጸፋው የአክስሉን ቤት ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ ይኼ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፣ የባሌስትራው የፊት ግማሽ ይጎብጣል፣ ሙሉው ብረት እንደ ተኛ እባብ ይጠማዘዛል። ጎማው ሲያመልጥ የተጠመዘዘው ብረት ተፈትቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ጎማው እንደገና መንገዱን ይይዛል፤ እንደገና ይጠመዘዛል። ዝላይ የምንለው ይህ ነው። ክሮቸራ የሚሰብረውና ሰሚያሱን የሚቆርጠውም ይኸው መደጋገሙ ነው።

ታዲያ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ምንድን ነው? ለድራግ የሚሠራውን ለስላሳ ጎማ ነው፤ አልተሳሳተም። የሰበቃ መጠኑን 1.3 ብንወስድ የሚይዘው ኃይል 16,400 ኒውተን ገደማ ይደርሳል፤ የትኛውም ብረት ይህን ያህል አይጨምርለትም። ነገር ግን ባሌስትራውን የሚጠመዝዘውም ይኸው የተያዘው ኃይል ነው። በተራው ጎማ 3,600 ኒውተን ሜትር የነበረው ጥምዘዛ በአዲሱ 5,900 ይሆናል። ትናንት ዝም ብሎ ይንሸራተት የነበረ መኪና ዛሬ ጎማ ተለውጦለት መዝለል ቢጀምር ጎማው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ ጎማና መደገፊያ ብረት አንድ ላይ ይታሰባሉ እንላለን።

ከመደገፊያዎቹ ርካሹ አክስሉ ሥር ታስሮ ጫፉ ላይ ጎሚኒ ያለው ዘንግ ነው። አክስሉ ሊዞር ሲል ጎሚኒው ከባሌስትራው የፊት ዓይን ሥር ይገጥምና ያቆመዋል። ጎሚኒው ከዓይኑ ወደ ኋላ ርቆ መሀሉን የሚመታ ከሆነ ግን ብረቱን ያጎብጠዋል እንጂ አይረዳውም። ከመሬት ያለውን ክፍተትም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ካልትራክስ የሚባለው ዓይነት ነው። ከአክስሉ ሥር የሚነሣው ዘንግ ፊት ለፊት ካለ ተሽከርካሪ መያዣ ጋር ይገናኛል። የአክስሉ ሥር ወደ ፊት ሲገፋ መያዣው ይዞርና የባሌስትራውን የፊት ግማሽ ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ሊጎብጥ ያለውን ቦታ ማለት ነው። በሰላሙ ጊዜ ባሌስትራው እንደ ልቡ ይሠራል። በሳምንቱ ሥራ ለሚሄድበትና እሑድ ለሚሽቀዳደምበት መኪና እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ባሌስትራውን አውጥቶ በአራት ዘንግና በሞላ መተካት ነው። ለውድድር ብቻ ለሚሆን መኪና ግሩም ነው፤ ማእዘኑን እንደልብ ያስተካክሉታል። ግን ሻንሲ ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ዕቃ የመጫን ነገር ያበቃል። ከዚሁ ወገን መሰላል መሰል ዘንግ የሚባለውን ለከተማ መንገድ አንመክርም። በቀጥታ መንገድ ጎበዝ ነው፣ ኩርባ ላይ ግን አንዱ ጎማ ሲነሣና ሌላው ሲወርድ እርስ በርሱ ይተናነቃል።

ዝቅ ለማድረግም ሆነ ከፍ ለማድረግ በአክስሉና በባሌስትራው መሀል ብሎኬት የሚከቱ አሉ። ብሎኬቱ በረዘመ ቁጥር አክስሉ ባሌስትራውን የሚጠመዝዝበት ክንድ ይረዝማል። ዝላይን ገንዘብ ከፍሎ እንደመግዛት ነው።

ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው የፒኞኑ ማእዘን ነው፤ ኃይል ሲመጣ አፍንጫው ስለሚነሣ በዕረፍት ጊዜ ትንሽ ወደ ታች ማየት አለበት። ለአራት ዘንግ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ይበቃል፣ ባሌስትራ ግን ብዙ ስለሚጠመዘዝ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ሁለተኛው የቀኙ ጎማ ነው። ትራስሚሲዮኑ ሲዞር አክስሉን በጎኑ ስለሚያዘነብለው የቀኙ ጎማ ይቀልላል፤ ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል ከሌለ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ሲሽከረከር ያልቃል።

ወርክሾፕ ውስጥ ለማሳየት ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። ቀጭን የብረት ማስመሪያ ሁለቱን ጫፍ አስደግፎ መሀሉ ላይ ትንሽ እንጨት በክላምፕ ማሰርና እንጨቱን በእጅ ማዞር ነው፤ የመጠማዘዙ ቅርጽ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በአንድ ጣት የፊቱን ግማሽ ከላይ ጫን አድርጎ እንደገና ማዞር። መኪናው ላይ ሲኬድ ግን ማንም ሠልጣኝ ሥሩም አጠገቡም ሆኖ እንዳያይ፤ ስልክ ከሻንሲው ጋር ታስሮ ቪዲዮ ይነሣ። የፊት ክሮቸራው የተሰበረ ትራስሚሲዮን መሬት ወጥሮ የመኪናውን ኋላ ሊያነሣ ይችላል። በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካኖቹ የድራግ ማኅበር ፈጣን መኪናዎች ከትራስሚሲዮናቸው ሥር የብረት ቀለበት እንዲያስገቡ የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለበቱ ከማንኛውም መደገፊያ በፊት ይገጠም።