የአባቶች ዓርማ የልጆች ዕዳ

ዓርማ ማለት ምልክት ማለት ነው፤ ነገድ ከነገድ፥ ቤት ከቤት ተለይቶ የሚታወቅበት ነው። ጥቅሙም ሁለት ነው፤ ለሚያየው ማስታወቂያ፥ ለሚይዘው ማሳሰቢያ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ሁለተኛውን ግን ይዘነጋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን እንመለከታለን።

ነገሩ በቅዱስ መጽሐፍ መሠረት አለው። ያዕቆብ ልጆቹን ሲባርክ ይሁዳን በአንበሳ፥ ዳንን በእባብ፥ ብንያምን በተኵላ መስሎ ተናገረ (ዘፍ. 49)። በኋላም እስራኤል በምድረ በዳ ሲሰፍሩ እያንዳንዱ በአባቱ ቤት ምልክት አጠገብ እንዲሰፍር ታዘዘ (ዘኍ. 2፥2)። በአውሮፓ ደግሞ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መኳንንቱ በጋሻቸው ላይ ልዩ ልዩ ሥዕል ያሥሉ ጀመር፤ ሥዕሉም ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት የሚተላለፍ ሆነ።

ከእነዚህ መካከል አንዱን መርጠን እንመርምር፤ እርሱም በስኮትላንድ አገር የዳግላስ ቤተ ሰብ ዓርማ ነው። መደቡ ነጭ ነው፤ በላይኛው ክፍል ሰማያዊ ሆኖ ሦስት ነጫጭ ከዋክብት አሉበት፤ በነጩ መካከል ቀይ ልብ ተሥሏል። ከዋክብቱ የቀደሙ ናቸው፤ ልቡ ግን በኋላ የተጨመረ ነው። የተጨመረበትም ምክንያት ይህ ነው።

ሮበርት ብሩስ የተባለው መስፍን በ1306 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በደምፍሪስ ከተማ በመነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን ወጋው፤ ኮሚንም በዚያው ተገደለ። ብሩስ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነገሠ፤ ብዙ ዘመን ተዋግቶም አገሩን ከእንግሊዝ እጅ አወጣ። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሞ ጦርነት፥ በኋላም ደዌ ከለከለው። በ1329 ዓ.ም. ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ልቡ ከሥጋው ወጥቶ ወደ ቅድስት አገር እንዲወሰድለት አዘዘ። አደራውን የተቀበለው የጦር ባልንጀራው ጄምስ ዳግላስ ነው።

ዳግላስም የንጉሡን ልብ በብር ሣጥን አድርጎ በአንገቱ አንጠልጥሎ በ1330 ዓ.ም. ተነሣ። ኢየሩሳሌም ግን አልደረሰም፤ በእስጳንያ አገር የካስቲል ንጉሥ 11ኛው አልፎንሶ ከግራናዳ እስላሞች ጋር ሲዋጋ አብሮ ተሰልፎ በቴባ አጠገብ ወደቀ። ልቡ ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ በሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ። የእርሱ እንደ ሆነ የሚታመን ልብ ያለበት የእርሳስ ሣጥን በ1996 ዓ.ም. ከመሬት ወጥቶ ከታየ በኋላ በ1998 ዓ.ም. እንደ ገና በዚያው ተቀብሯል። የዳግላስ ወገኖችም ከዚያ ወዲህ ልቡን በጋሻቸው ላይ ያሥሉ ጀመር።

የልቡ ምሳሌነት ምንድር ነው? የተፈጸመ አደራ ነው እንዳንል መንገዱ በመካከል ቀርቷል፤ የፈረሰ አደራ ነው እንዳንል አደራ ተቀባዩ እስከ ሞት ታምኗል። እንግዲህ በመልካም የታሰበና ያልተፈጸመ ስእለት ምሳሌ ነው። ዳዊት ቤተ መቅደስ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ተከለከለ (1ኛ ዜና 22፥8)፤ ነገር ግን በልቡ ማሰቡ መልካም ሆኖ ተቈጠረለት (1ኛ ነገ. 8፥18)። አንድም የሟችን አደራ የመሸከም ምሳሌ ነው፤ እስራኤል የዮሴፍን ዐፅም ከግብጽ ተሸክመው እንደ ወጡ (ዘፀ. 13፥19)። አንድም ቀይ መሆኑ በእግዚአብሔር ቤት የፈሰሰውን ደም ያሳስበናል። ደም ግን በደም አይታጠብም፤ የኃጢአት ሥርየት በንስሐና በክርስቶስ ደም ነው እንጂ በጉዞ ርዝመት ወይም በሰልፍ ብዛት አይደለም።

ልጆቹስ ምን ሆኑ? ቤቱ እጅግ ከበረ፤ በከበረም መጠን በነገሥታቱ ዘንድ የሚያሠጋ ሆነ። በ1440 ዓ.ም. ስድስተኛው የዳግላስ መስፍን ገና ወጣት ሳለ ከወንድሙ ጋር በኤዲንብራ ግንብ ተገደለ። በ1452 ዓ.ም. ንጉሥ 2ኛው ጄምስ ስምንተኛውን መስፍን የደኅንነት ቃል ሰጥቶ ወደ ስተርሊንግ ግንብ ከጠራው በኋላ በገዛ እጁ ወጋው። በ1455 ዓ.ም. ዘጠነኛው መስፍን ዐምፆ ርስቱን ተወረሰ። የአንዱን ንጉሥ ልብ በአንገቱ የተሸከመ ሰው ወገኖች ከሌላው ንጉሥ ጋር አንድ ልብ መሆን ተሳናቸው። ቀዩ ልብ በጋሻው ላይ እንዳለ ነበር፤ በኋላ ዘመንም ዘውድ ተጨመረበት። ነገር ግን ሥዕሉ የአባትን ምግባር ያሳያል እንጂ ለልጅ ምግባር አይሆነውም።

እንዲያውም ምልክት በባለቤቱ ላይ ይመሰክራል። ይሁዳ ለትዕማር በመያዣ የሰጣት ቀለበትና በትር በኋላ በፊቱ ቀርበው ወቀሱት (ዘፍ. 38)። ይሁዳ ግን አልካደም፤ የራሱ መሆናቸውን ዐውቆ፥ ከእኔ ይልቅ እርሷ ጻድቅ ናት ብሎ በራሱ ፈረደ። ከዚህ ሰው ዘር ዳዊት፥ ከዳዊትም ዘር በሥጋ ጌታችን ተወለደ። ምልክቱ ሲወቅሰው እውነቱን የሚያምን ሰው እንዲህ ያለ ተስፋ አለው።

ምእመናን ሆይ፥ ከእኛ መካከል በጋሻ ላይ የተሣለ ዓርማ የወረሰ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሁላችን በጥምቀት ቀን በአንገታችን የታሰረ ማዕተብ አለን። ቃሉ ዐተበ ካለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ምልክት፥ ማኅተም ማለት ነው። የዳግላስ ልብ ቤትን ከቤት የሚለይ ነው፤ ማዕተብ ግን መስፍኑንና ገበሬውን የአንድ አባት ልጆች ያደርጋል። ዳግላስ የሞተ ንጉሥ ልብ በአንገቱ ተሸከመ፤ እኛ የተሸከምነው ሞትን ድል የነሣው ንጉሥ ምልክት ነው። ለሞተው ንጉሥ እስከ ሞት ከታመኑለት፥ ለሕያው ንጉሥ እንዴት ይልቁን መታመን አይገባ!

ስለዚህ ማዕተቡን የምናስር ካህናት ትርጓሜውን ሳናስተምር አንሰር፤ ወላጆችም ክሩን አስረው ምግባሩን አይተዉ። ልጁ ባደገ ጊዜ ይህ ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቅ፥ የአባቶችህ ልማድ ነው ከማለት አልፈን፥ የተጠራህበት አደራ ነው እንበለው። አደራውንም እኛው ስንጠብቅ ይየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።