ስሟን ያልጠየቅናት እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፥ በዚህ እትም ልናነሣው የወደድነው ርእስ እንግዳ መቀበልን የሚመለከት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ የተማርነው፥ በቃል ብንጠየቅም ሁላችንም የምንመልሰው ነው። ሆኖም የምናውቀውን ሳንሠራው መቅረታችንን አንድ ቀን ስለተረዳን፥ ከዚያው ከደረሰብን ነገር ተነሥተን የቅዱሳት መጻሕፍትንና የቤተ ክርስቲያን ታሪክን ምስክርነት እየጨመርን ብንወያይበት ይጠቅማል ብለን አሰብን።

1. የሆነው ነገር

ባለፈው ዓመት የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር ዝግጅቱ ሦስት ወር ፈጅቶብን ነበር። መዘምራን በየማታው አጠኑ። የጥሪ ካርድ ታደለ። ከሰፈሩ ዕድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተዋስን። በዕለቱ ቅጽሩ ጢም ብሎ ሞላ፤ እንግዶቻችንም በልተው ጠጥተው፥ መዝሙር ሰምተው፥ መርቀውን ሄዱ። ለሰበካ ጉባኤው ባቀረብነው ሪፖርት «በዓሉ በደመቀ ሁኔታ ተከብሯል» ብለን ጻፍን። የጻፍነው ውሸት አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ግን ቅጽሩን ዘወትር የሚጠርጉት እማሆይ ወደ አዳራሻችን ብቅ ብለው፥ «ልጆቼ፥ ያቺ አረንጓዴ ሹራብ የምትለብሰው ልጅ ወዴት ሄደች?» ሲሉ ጠየቁን።

እርስ በርሳችን ተያየን። «የትኛዋ ልጅ፥ እማሆይ?» አልናቸው።

«ከጽዱ ሥር ቆማ መዝሙራችሁን የምትሰማዋ ናታ! ሦስት እሑድ መጥታለች። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ገብተሽ ከእነሱ ጋር ተቀመጪ ብላት ‹የሚያውቀኝ የለም› አለችኝ።»

ይህን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ አስታወሳት። ለበዓሉ ወንበር ተሸክመን ስናልፍ መንገዱ ላይ ቆማ ስለነበር «እኅቴ፥ አንዴ ዞር በይልን» ብሏት ነበር። ልጅቷ ከእኛ የሰማችው ቃል ይኸው ብቻ ነው።

እማሆይ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ስሟንስ ጠይቃችኋታል?» አሉን። አልጠየቅናትም። «እኔም አርጅቼ ሳልጠይቃት ቀረሁ። አሁን በጸሎቴ ‹ያቺን ልጅ ጠብቃት› እላለሁ። እግዚአብሔርስ ያውቃታል፤ ግን በስሟ ብጠራት ደስ ባለኝ ነበር» ብለው መጥረጊያቸውን አንሥተው ወጡ።

ካህኑ ሲጸልይልን አስቀድሞ የሚጠይቀን የክርስትና ስማችንን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ሦስት ጊዜ ወደ ደጃችን የመጣችን እኅት ግን በጸሎት ለማሰብ እንኳ ስሟን አልያዝንም። በማግሥቱ በሰፈሩ ውስጥ ብናጠያይቅ፥ አሠሪዎቿ ቤት ቀይረው መሄዳቸውን ሰማን። ወዴት እንደሄዱ የነገረን ሰው አላገኘንም።

2. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

አባታችን አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበትን ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕ. 18 ከቁ. 1 እስከ 8 እናገኘዋለን። ቤተ ክርስቲያናችንም ሐምሌ 7 ቀን የቅድስት ሥላሴን በዓል ስታከብር ይህንኑ ታስበዋለች። ታሪኩን ረጋ ብለን ስናነበው ሦስት ነገር እናስተውላለን። አንደኛ፥ አብርሃም በቀትር ሙቀት ከድንኳኑ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ እንግዶቹ ሮጠ እንጂ እስኪገቡ ድረስ ተቀምጦ አልጠበቀም። ሁለተኛ፥ ማንነታቸውንና የመጡበትን ጉዳይ ሳይጠይቅ የእግር ውኃ፥ ጥላና እንጀራ አቀረበላቸው። ሦስተኛ፥ ብዙ አገልጋዮች ያሉት ባለጸጋ ሆኖ ሳለ፥ ሲበሉ እርሱ ራሱ በአጠገባቸው ቆመ። የእኛን በዓል በዚህ ብንመዝነው ጥላውና እንጀራው ነበረን፤ ወደ እንግዳዋ የሮጠ ሰው ግን ከመካከላችን አልተገኘም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕ. 6 ደግሞ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ስለደረሰ ጉድለት እናነባለን። በኢየሩሳሌም በየዕለቱ ለችግረኞች ምግብ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘነጉ ነበር። ማዕዱ ሳይጎድል የጎደለው አስተዋይ ዓይን ነበረ። ሐዋርያት ቅሬታውን በሰሙ ጊዜ ያጉረመረሙትን አልገሠጹም። ሕዝቡ ሰባት ዲያቆናትን እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ስለዚህ ብዙ መምህራን የተመረጡት ከተዘነጉት ወገን እንደነበሩ ይናገራሉ። የዲቁና አገልግሎት እንዲህ ባለ ጉድለት ምክንያት መጀመሩን ስናስብ፥ ጉድለትን ማመን ለቤተ ክርስቲያን ውርደት እንዳልሆነ እንማራለን።

ከሰባቱ አንዱ የሆነው ፊልጶስ ከጋዛ መንገድ ላይ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያገኘበት ታሪክም (የሐዋ. ሥራ ምዕ. 8) ለዚሁ ጉዳይ ትምህርት አለው። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ ንግግሩንም በስብከት ሳይሆን በጥያቄ ጀመረ። ከሠረገላው ላይ የወጣውም ጃንደረባው ከለመነው በኋላ ነው። እንግዲህ ሰውን መቅረብ ማለት ባለበት ስፍራ ሄዶ ማግኘት፥ መጠየቅና መስማት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕ. 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ስፍራ፥ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ደግሞ ከእግር በታች የሚያስቀምጡትን ይገሥጻል። እኛ ለበዓላችን የፊተኛውን ወንበር በክብር እንግዶች ስም መያዛችን አይካድም። ከጽዱ ሥር ለቆመችው ግን አንድ ወንበር አላሰብንላትም።

3. ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ

የአንድነት ገዳምን ሥርዓት የመሠረተውና ሥርዓቱም ወደ ግእዝ የተተረጎመለት አባ ጳኩሚስ ሲወለድ ክርስቲያን አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገና ወጣት ሳለ በግዳጅ ለውትድርና ተይዞ፥ ከሌሎች ምልምሎች ጋር በላይኛው ግብፅ በምትገኘው በቴብስ ከተማ ተዘግቶበት ነበር። ማታ የከተማይቱ ሰዎች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡ። እነማን እንደሆኑ ቢጠይቅ ክርስቲያኖች እንደሆኑ፥ ለማያውቁትም እንግዳ ሁሉ በጎ እንደሚያደርጉ ነገሩት። ከውትድርና በተለቀቀ ጊዜ ሄዶ ተጠመቀ። ያን ማታ ምግብ ያመጡትን ሰዎች ስም ታሪክ አልጻፈልንም። ለአንድ የታሰረ ወጣት ያደረጉት በጎነት ግን ለሺህ መነኮሳት ቤት መሠረት ሆነ።

የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ370 ጳጳስ ሆኖ እስካረፈበት እስከ 379 በነበረው ዘመኑ ከከተማው ውጭ ለድኾች መጠጊያ፥ ለሕሙማን መታከሚያ፥ ለመንገደኞችም ማደሪያ የሚሆን ትልቅ ስፍራ አሠርቷል። ወዳጁ ጎርጎርዮስ እንደመሰከረለት፥ ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን የቆዳ ሕሙማን እንደ ወንድሞች አቅፎ ይስማቸው ነበር። ሕንፃውን ማሠራት ብቻውን አልበቃውም ማለት ነው።

ከ361 እስከ 363 የነገሠው ዩልያኖስ ከሐዲ ደግሞ የጣዖትን አምልኮ ለመመለስ በደከመበት ጊዜ ለገላትያ የጣዖት ካህናት አለቃ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በዚያም ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የእነርሱንም ድኾች እንደሚረዱ እያማረረ፥ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ አዘዘ። ምስክሩ ጠላት ነውና ምስክርነቱ ይበልጥ የታመነ ነው። ዛሬ የእኛን ደጅ የሚያይ ሰው ስለ እኛ ይህን ያህል ሊመሰክር ይችል ይሆን?

4. አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን ልማድ

በሀገራችን «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ የመጣ መንገደኛ ከደጅ አይመለስም ነበር። አኮፋዳውን አንግቶ ስለ እመብርሃን እያለ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ የተማረው የማያውቁት እናቶች ከማዕዳቸው ቆርሰው በሰጡት ቁራሽ ነው። ዛሬም ከቅዳሴ በኋላ ባለ ተራው ዳቦና ጠላ አቅርቦ ሰንበቴ ሲጠጣ፥ ድኻውና መንገደኛው ይካፈላሉ። የጽዋ ማኅበርተኞችም የታመመ ይጠይቃሉ፤ ያዘነ ያጽናናሉ።

ይሁን እንጂ በከተማ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ጋር ብቻ መቀመጥ ይቀናዋል። ማኅበሩ የማኅበርተኛው፥ ዕድሩ የዕድርተኛው፥ ሰንበት ትምህርት ቤቱም የመዘምራኑ ብቻ መስሎ ይታያል። ማንም ማንንም አላባረረም። ግን አዲስ የመጣው ሰው የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል። ልጅቷ «የሚያውቀኝ የለም» ስትል የነገረችን ይህንኑ ነው።

5. ከዚያ ወዲህ ያደረግነው

ሀ. በየእሑዱ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች፥ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት፥ በተራ ከበሩ አጠገብ ይቆማሉ። ተራ የደረሰው ሰው በዚያ ቀን መዝሙር አይዘምርም፤ ሥራው አዲስ የመጣን ሰው ሰላም ማለትና ስሙን መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተሳስተናል። አንዲትን ሴት ሁለት ሦስት ሆነን ከብበን ጥያቄ ብናበዛባት ደንግጣ ወጣች። ለካ ብቻዋን ልታለቅስና ልትጸልይ መጥታ ኖሯል። ስለዚህ እንግዳን መቀበል እንግዳን መክበብ አለመሆኑን ተምረናል። ዝም ማለት የፈለገን ሰው ሰላም ብሎ መተውም መቀበል ነው።

ለ. የመጡትን ሰዎች ስም፥ ፈቃዳቸው ሲሆን የክርስትና ስማቸውንም ጭምር የምንጽፍበት ደብተር አለን። በጉባኤያችን መክፈቻ ጸሎት እናስባቸዋለን። ሁለት እሑድ የቀረ ሰው ካለ ሄደን እንጠይቃለን። የምንጠይቀው በደኅንነቱ አስበን እንጂ ለምን ቀረህ ብለን ለመውቀስ አይደለም።

ሐ. በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ጧት ቁርስ ማቅረብና ቤት ማሰናዳት ስላለባቸው በጧቱ ትምህርት ሊገኙ እንደማይችሉ ከራሳቸው ሰማን። ስለዚህ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ጀመርን። ፊደል ለመቁጠር ለሚፈልጉም ግማሽ ሰዓት እንጨምራለን። ከእነርሱ ሁለቱ ዛሬ በበሩ ተራ ገብተዋል፤ አዲስ የመጣች ልጅን ከእኛ ቀድመው የሚያዩትም እነርሱ ናቸው። የሐዋርያትን አሠራር ማስተዋል የጀመርነው በዚህ ነው።

መ. ልብስና እህል ስናሰባስብ የተቀባዮቹን ስም በድምፅ ማጉያ አንጠራም፤ ፎቶግራፍም አናነሣም። ጌታ ቀኝ የምትሠራውን ግራ እንዳታውቅ አስተምሯልና (ማቴ. ምዕ. 6)። ከሁሉም በላይ ግን ተቀባዮቹ በሰንበቴው ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ እንዲቀመጡ እንጥራለን። እኛ ቆመን እነርሱ ተሰልፈው ከሚወስዱት ኩንታል ይልቅ፥ አብረን ተቀምጠን የምንቆርሰው ዳቦ እንደሚያቀራርበን አይተናል።

ይህን የጻፍነው ሥራችንን ለማስወራት አይደለም። ተራቸው ደርሶ የሚቀሩ አሉን፤ ደብተሩም ሳይገለጥ ያለፈባቸው እሑዶች አሉ። በዓል ማክበርንም አልተውንም፤ በዓል ደስ ያሰኛል፥ ብዙ ሰውም ይጠራል። ነገር ግን በዓሉ የሚጠራውን ሰው በተራው እሑድ የሚቀበለው ከሌለ ድካማችን ከንቱ ይሆናል። በፍርድ ቀን የምንጠየቀው እንግዳ ሆኖ የመጣውን ስለመቀበላችን እንደሆነ በማቴ. ምዕ. 25 ተጽፏል፤ ስለ ድንኳኑ ስፋት የተጻፈ የለም።

የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ስም የለም። «አረንጓዴ ሹራብ የምትለብሰው እኅታችን» ይላል። በየእሑዱ ጸሎት የምንጀምረው ከእርሷ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነብ እኅት ወይም ወንድም በሌላ ደብር ከጽድ ሥር ብቻዋን የቆመች ልጅ ብታይ፥ እባክህ፥ እባክሽ፥ ቀርበህ ስሟን ጠይቃት፤ ቀርበሽም ስሟን ጠይቂያት። ምናልባት እርሷ ትሆናለች። ባትሆንም እንኳ ስም አላት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አብርሃም እንግዶቹን ከተቀበለበት ሁኔታ በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት የጎደለው የትኛው ነው?

2. ሐዋርያት በምዕ. 6 ለቀረበው ቅሬታ የሰጡትን መልስ እኛ ቅሬታ ሲቀርብብን ከምንሰጠው መልስ ጋር አነጻጽሩ።

3. ባለፈው ወር ወደ ቅጽራችን ከመጡ አዲስ ሰዎች የስንቱን ስም ታውቃላችሁ?

4. በሰፈራችሁ በሥራ፥ በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያልቻለ ሰው ማን አለ? ይህን ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።