«ይለመዳል» የሚባለው ሕመም

ጥር ሲገባ በኮልፌ ቀራንዮ የሰርግ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር አይገኝም። በግንኙነት ጊዜ የምትታመም ሙሽራ ግን ለታላላቆቿ ብትናገር «ይለመዳል» ትባላለች። ምክሩ ከቅንነት ቢመጣም ትክክል አይደለም። ሴቷ ሕመሙን ፈርታ ስትጠብቅ በብልቷ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ በግድ ከተቀጠለ ፍርሃቱም ሕመሙም ይብሳል። ስለዚህ ሲያማት አቁሙ። ሰውነቷ ሳይዘጋጅ አትቸኩሉ። ለድርቀት ከፋርማሲ ማለስለሻ ይገኛል፤ ቫዝሊንና ዘይት ግን የኮንዶምን ላስቲክ ያበላሻሉ።

የግርዛት ጠባሳም ምክንያት ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ ነበሩ። ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ ሳትዘገዩ ተመርመሩ፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ባልም መታከም ሊያስፈልገው ስለሚችል አብሮ ይምጣ።