በውኃ ላይ የሚሮጠው ጋሻ

በዛሬው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ የኖርዌይ ባሕር ኃይል ሚሳኤል ተሸካሚ ፈጣን ጀልባዎችን ነው። ስማቸው ሾልድ ይባላል። በኖርዌይ ቋንቋ «ጋሻ» ማለት ነው።

ጀልባዎቹ ስድስት ናቸው። የመጀመሪያዋ ሥራ የጀመረችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የአንዱ ርዝመት 47.5 ሜትር ነው፤ ማለትም ከእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ትንሽ ያንሳል። ስምንት ሚሳኤሎችና አንድ መድፍ ይይዛል።

ፍጥነቱስ? እስከ 60 ኖት ይደርሳል። ኖት የባሕር ፍጥነት መለኪያ ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 60 × 1.852 = 111.12 ይሆናል። በአስፋልት ላይ የሚከንፍ መኪና በሉት!

እንዴት ቻለ? እስከ ደረታችሁ ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ለመሮጥ ብትሞክሩ ውኃው ይይዛችኋል። መርከብንም እንዲሁ ይይዘዋል። ሾልድ ግን ከሥሩ በግራና በቀኝ ሁለት ጠባብ እግሮች አሉት። ከፊትና ከኋላ ደግሞ እንደ መጋረጃ የሚተጣጠፍ ጎማ አለው። በመካከሉ ትልቅ ማራገቢያ አየር ይነፋበታል። የታፈነው አየር ጀልባውን ወደ ላይ ያነሣዋል። ውኃ የሚነካው አካሉ ሲቀንስ ሰበቃውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ጥልቀት በሌለው ውኃም ያልፋል። የኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ደሴትና ቋጥኝ የበዛበት ስለሆነ ይህ በጣም ይጠቅመዋል።

ልብ በሉ! ስሙ ጋሻ ቢሆንም ወፍራም የብረት ግድግዳ የለውም። አካሉ የተሠራው ቀላል ከሆነ ፋይበር ነው። የሚያድነው መፍጠኑና ከራዳር መደበቁ ነው። ቀድሞ ካልታየ ይተርፋል፣ ከታየ ግን አደጋ ላይ ነው።

ትንሽ ጀልባ ምን ታደርጋለች እንዳትሉ። በጥቅምት 1967 እ.ኤ.አ. የግብፅ ትናንሽ ጀልባዎች ከፖርት ሰይድ ወደብ በተኮሱት ሚሳኤል ኤላት የተባለችውን ትልቅ የእስራኤል የጦር መርከብ አሰመጡ። 47 መርከበኞች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የብዙ አገር ባሕር ኃይሎች ትንሿን ጀልባ መናቅ ተዉ። እኛም ስለ ፍጥነቱ ስናደንቅ እነዚያን 47 ሰዎች አንርሳ። ጋሻ ጥሩ የሚሆነው ጦርነት ሲያስቀር ነው።

ጥያቄ፦ 50 ኖት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? መልሱን ሠርታችሁ ለክበባችን አምጡ።