ጎመን ያለ ጓሮ

መሬት የሌለው ተማሪ ጎመን ሊተክል አይችልም የሚል አሳብ በመካከላችን አለ። ነገር ግን ጎመን የሚሻው ሥሩን የሚይዝለት አፈር፣ ውኃና ፀሐይ ነው እንጂ ሰፊ ጓሮ አይደለም።

እንዲያውም በጓሮ ያለው ጠላቱ ከሥሩ ነው። ቆራጭ ትል ቀን በአፈር ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ለጋውን ችግኝ ከግንዱ ይቆርጠዋል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዝ የምግብ ዘይት ጀሪካን ላዩን ቆርጦ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ታቹን በስቶ፣ በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ነው። አፈሩም ጎመን ካልበቀለበት ቦታ ይምጣ፤ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ሲደባለቅ ትል እንዳይኖርበት በእጅ ይፈተሽ።

በክንፍ የሚመጣውን ግን ጀሪካን አይከለክለውም። ቢራቢሮ ዕንቁላሏን በቅጠሉ ላይ እንዳትጥል ስስ ሻሽ ማልበስ ይገባል። ክሽክሽ ሲታይም የቅጠሉን ጀርባ በውኃ ደጋግሞ ማጠብ ይሻላል፤ ነገ በምንበላው ላይ ዛሬ መርዝ መርጨት ምን ይባላል?

የውጩን ቅጠል እየቀነጠስን እምብርቱን ብንተውለት ጎመኑ መልሶ ያቈጠቍጣል። የቤት ኪራይ ከፍለን በተረፈችን ገንዘብ ለምንኖር ለእኛ፣ ፀሐይ የሚገባበት ደጃፍ ትንሽ እርሻ ነው።