የቃር መድኃኒት ጥቅሙና ጠንቁ

ቃር ማለት በጨጓራ ውስጥ የሚገኘው ኮምጣጣ ፈሳሽ፣ ማለት አሲድ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ ሽቅብ ተመልሶ ደረትን ሲያቃጥል የሚሰማ ሕመም ነው። ሶማልኛ ተናጋሪዎች ላብጄሕ ይሉታል። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በቶጎ ውጫሌና በመሳሰሉት ከተሞች ቃር በተሰማው ቁጥር ሐኪም ሳያማክር ኦሜፕራዞል የተባለውን እንክብል ገዝቶ ለወራት የሚውጥ ሰው አይታጣም። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የመድኃኒቱን ጥቅምና ጠንቅ እንመለከታለን።

ኦሜፕራዞል እ.ኤ.አ. በ1988 በስዊድን አገር ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ሕመምተኞችን የረዳ መድኃኒት ነው። ሥራውም ጨጓራ አሲድ እንዳያመነጭ መግታት ነው። ዳሩ ግን አሲዱ በሰውነታችን ውስጥ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ምግብ እንዲፈጭ ከመርዳቱም በላይ፣ እንደ በር ዘበኛ ሆኖ ከምግብና ከውሃ ጋር የሚገቡትን ተሐዋስያን አብዛኞቹን ይገድላል። ዘበኛው በደከመ ጊዜ ግን የተቅማጥ ተሐዋስያን በቀላሉ ወደ አንጀት ያልፋሉ። የኮሌራ ተሐዋስያንም የጨጓራው አሲድ የተቀነሰበትን ሰው በጥቂት ቁጥር ሊያሳምሙት እንደሚችሉ በምርመራ ተረጋግጧል።

ይህ ነገር ለአካባቢያችን ቀላል አይደለም። በሐርሺንና በአካባቢው ብዙ ሕዝብ የሚጠጣው ብርካ በተባለው ማጠራቀሚያ የተከማቸውን የዝናብ ውሃ ነው። በ2009 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በሶማሌ ክልል ተዛምቶ ብዙ ሰዎችን እንዳጠቃም አንዘነጋም። እንግዲህ የቃር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሌላው ይልቅ ውሃውን አፍልቶ ወይም በክሎሪን አክሞ መጠጣት፣ የግመልም ሆነ የላም ወተትን ሳያፈላ አለመጠጣት፣ እጁንም በሳሙና መታጠብ ይገባዋል።

መድኃኒቱ ከዚህም ሌላ የሚከተሉትን ሊያስከትል ይችላል፤

1ኛ/ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት። ይህ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው።

2ኛ/ ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ። ምልክቱም ድካምና የእጅና የእግር መደንዘዝ ነው።

3ኛ/ በደም ውስጥ የማግኒዚየም መቀነስ። ይህም የጡንቻ መኮማተርንና የልብ ምት መዛባትን ያመጣል።

4ኛ/ በተለይ በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ዘንድ አጥንት በቀላሉ የመሰበር አደጋ።

5ኛ/ ከረጅም ጊዜ በኋላ በድንገት ሲቋረጥ አሲዱ በርትቶ መመለስ። ሰውየውም ሕመሙ የባሰበት መስሎት እንደገና ይጀምረዋል።

ተበጥብጠው ወይም ታኝከው የሚወሰዱት የአሲድ ማብረጃዎችም ያለ ጠንቅ አይደሉም። አሉሚኒየም ያለባቸው ሆድን ያደርቃሉ፤ ማግኒዚየም ያለባቸው ያስቀምጣሉ። ዶክሲሳይክሊንን ከመሰሉ መድኃኒቶች ጋር በአንድነት ሲወሰዱም የእነዚያን ኃይል ያደክማሉ።

ይህን ስንል ሕመምተኛው በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ፈርቶ ይጣል ማለታችን አይደለም። የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ኦሜፕራዞልን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር እስከ መጨረሻው ቀን መውሰድ አለበት፤ ካቋረጠ በሽታው አይድንም። የምንነቅፈው ያለ ትእዛዝ መጀመርንና ያለ ገደብ መቀጠልን ነው። ብዙውን ጊዜ ለቃር የሚታዘዘው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሲሆን፣ የሚወሰደውም ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ሐኪሙን ጠይቆ ቀስ በቀስ ይቀንስ።

ከመድኃኒት በፊትም ልማድን ማረም ይቀድማል። እራት በልቶ ወዲያው አለመተኛት፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ጊዜ በአንድ ጊዜ አለመጥገብ፣ ትምባሆን መተው፣ ጫት መቃምን መቀነስ ወይም መተው፣ የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ነገር ግን ደም ያስታወከው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ምግብ መዋጥ ያቃተው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መምህራን ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን፤ ተማሪው የሰማውን ለእናት ለአባቱ ያደርሳልና።