ቲነር፦ ጀሪካኑ ላይ ያሉት ሥዕሎች ምን እያሉን ነው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቲነር ነው። ጋራዥ፣ ፈርኒቸር ቤት፣ ጫማ መስሪያ ወይም ማተሚያ ቤት የምትሰሩ፣ ወይም እዚያ የሚሰራ ባል፣ ወንድም፣ ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቤቱን ቀለም ሊያስቀባ ያሰበ ሰውንም ይመለከታል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ መርሳት ወይም እንቅልፍ ማጣት ይዞ ለሚመጣ ታካሚ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው «ስራህ ምንድን ነው?» ሁለተኛው ደግሞ «እሁድ እሁድ ይሻልሃል?» የሚል ነው። ታካሚው ቀለም የሚረጭ ከሆነና «አዎ፣ እሁድ ደህና ነኝ፣ ሰኞ ከሰዓት ግን ይመለስብኛል» ካለኝ፣ ወደ ምርመራ ከመላኬ በፊት ስለሚሰራበት ክፍል መስኮት እጠይቀዋለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስታነቡ ይገባችኋል።

ቲነር ምንድን ነው?

ቲነር የአንድ ኬሚካል ስም አይደለም። ቀለምን፣ ቫርኒሽንና ማጣበቂያን የሚያቀጥኑ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ቶሉዊን፣ ዛይሊን፣ አሴቶንና የአልኮል ዓይነቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ምን እንዳለበት የሚነግረን ስያሜው ነው።

ዛሬ እንደ ምሳሌ የምንወስደው ቶሉዊንን ነው። ቀለም የሌለው፣ ጣፈጥ የሚል ኃይለኛ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው። በብዙ ቲነሮች፣ በማስቲሽና በማተሚያ ቀለም ውስጥ ይገኛል፤ በቤንዚን ውስጥም አለ። እሱን በደንብ ካወቅን የሌሎቹንም ስያሜ ማንበብ አይከብደንም።

ስያሜውን እንዴት እናንብብ?

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚካሎችን አደገኛነት ዓለም በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመድብ የሚያደርግ ሥርዓት አሳተመ። ቻይና የተመረተውም፣ ቱርክ የተመረተውም፣ ዱባይ የታሸገውም በአንድ ቋንቋ እንዲያናግረን ማለት ነው። አራት ነገሮችን ብቻ ያዙ።

1. ሥዕሉ። ቀይ ጠርዝ ባለው፣ በጫፉ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው የሚገኘው። በጠቅላላው 9 ሥዕሎች አሉ። ቶሉዊን ላይ ሦስቱን ታያላችሁ፦ የእሳት ነበልባል፣ ቃለ አጋኖ፣ እንዲሁም ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር የፈነዳበት ሰው።

2. ቃሉ። «ዴንጀር» ወይም «ዋርኒንግ» ይላል። ዴንጀር የከፋው ነው። ቶሉዊን ላይ የሚጻፈው ዴንጀር ነው።

3. ኮዱ። «ኤች» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምርና ሦስት ቁጥር ይከተለዋል። የመጀመሪያው ቁጥር 2 ከሆነ ስለ እሳትና ፍንዳታ ነው። 3 ከሆነ ስለ ጤና ነው። 4 ከሆነ ስለ ውሃና ስለ አካባቢ ነው። ይህን ብቻ ብታውቁ እንኳን ግማሹን አንብባችኋል።

4. ምድቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምድብ 1 ማለት «ቀላል» ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም የከፋው ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አደጋው ይበልጣል።

አሁን የቶሉዊንን ምድቦች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው አደጋ፦ እሳት

ቶሉዊን በተቀጣጣይ ፈሳሽነት ምድብ 2 ነው፤ ኮዱ ኤች 225 ነው። ትነቱ እሳት ለመያዝ የሚያስፈልገው ሙቀት 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት ብርዱ ሲያንገበግበን እንኳን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ክዳኑ የተከፈተ ቲነር ዓመቱን ሙሉ ክብሪት እየጠበቀ ነው ማለት ይቻላል። ነጭ ጋዝ እንኳን ከዚህ ይሻላል፤ እሱ ምድብ 3 ነው።

ሌላው ተንኮሉ ትነቱ ከአየር ሦስት እጥፍ ገደማ መክበዱ ነው። ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ለወለል ይሳባል። ጋራዥ ውስጥ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። አየሩ ውስጥ 1 በመቶ ትንሽ አለፍ ብሎ ከተገኘ ለመቀጣጠል በቂ ነው። ቲነሩ በአንዱ ጥግ፣ ቡና የሚፈላበት ከሰል በሌላው ጥግ ቢሆን «ራቅ ብሏል እኮ» ማለት አያድንም። እሳቱ ወደ ቲነሩ መሄድ አያስፈልገውም፣ ትነቱ ራሱ ወደ እሳቱ ይመጣል።

ከተቀጣጠለ ደግሞ ውሃ አትድፉበት። ቶሉዊን ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል። የዱቄት ወይም የአረፋ ማጥፊያ ተጠቀሙ፤ ትንሽ ከሆነ አሸዋም ይሆናል።

ሁለተኛው አደጋ፦ ወዲያው የሚታይ ጉዳት

ኤች 336፦ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ማዞር። አንጎላችን ብዙ ስብ ያለው አካል ነው፣ ቶሉዊን ደግሞ ስብ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። በሳንባ በኩል ገብቶ በደም ተጭኖ አንጎል ይደርሳል። ሰውየው እንደሰከረ ይሆናል፦ ይስቃል፣ ይንገዳገዳል፣ ያቅለሸልሸዋል። መሰላል ላይ ወይም መቁረጫ ማሽን አጠገብ ላለ ሰው ይሄ ብቻውን ሕይወት ያሳጣል።

ኤች 315፦ ቆዳን ያስቆጣል። የተፈጥሮ ቅባቱን አጥቦ ይወስደዋል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ከስራ በኋላ እጅን በቲነር መታጠብ የተለመደ ነው፤ ግን በጭራሽ አይመከርም።

ኤች 304፦ ከተዋጠና ወደ አየር ቧንቧ ከገባ ሊገድል ይችላል። ይሄ ምድብ 1 ነው። ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ ሲዋጥ ወይም ሲያስመልስ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይንሸራተታል፤ እዚያ ከባድ የሳንባ ብግነት ያመጣል። ለአንድ ሕፃን ጥቂት ጉንጭ ይበቃዋል።

ሦስተኛው አደጋ፦ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት

ደረቱ የፈነዳው ሰው ሥዕል የሚናገረው በዋናነት ይህንን ነው። ኤች 373 ለረጅም ጊዜ ወይም በተደጋጋሚ ከተጋለጡ የሰውነት ክፍሎችን ሊጎዳ እንደሚችል ይገልጻል። ቀዳሚው ተጎጂ የነርቭ ሥርዓት ነው፦ የማስታወስ ችሎታ መቀነስ፣ ትኩረት ማጣት፣ የጸባይ መለወጥ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የስካንዲኔቪያ ሐኪሞች ይህንን በቀለም ሰራተኞች ላይ በስፋት አጥንተው «የቀለም ቀቢዎች በሽታ» እስከ መባል ደርሷል። ቶሉዊን የመስማት ችሎታንም ይጎዳል፤ ማሽን የሚጮህበት ቦታ ላይ ሲሆን ይብሳል።

ኤች 361 ደግሞ በማህፀን ያለን ፅንስ ሊጎዳ እንደሚችል ይጠረጠራል ይላል። «ይጠረጠራል» የሚለውን ቃል አትናቁት። እርጉዝ እናት በዚህ ትነት ውስጥ መዋል የለባትም፤ ቤቱ ቀለም ሲቀባም ዘመድ ጋር ሄዳ ትቆይ።

አሁን ወደ እሁዱ ጥያቄዬ ልመለስ። ጉበታችን ቶሉዊንን ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል፤ አብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል። ለዚህ ነው ሰውየው እረፍት ቀን የሚሻለው። ይሄ ደረጃ ላይ ከደረስንበት መልካም ነው፣ ምክንያቱም የስራ ቦታውን በማስተካከል ብቻ ሊድን ይችላል። ለዓመታት ከቀጠለና እሁድም መሻሉን ካቆመ ግን ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። «እሁድ ይሻለኛል» ማለት ገና ጊዜ አለ ማለት ነው።

ማስቲሽ ስለሚስቡ ልጆች

መንገድ ላይ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች የሚወስዱት ከሰራተኛው እጅግ የበዛ መጠን ነው። አንጎላቸው ይጎዳል፤ ኩላሊታቸው አሲድን በአግባቡ ማስወጣት ያቅተውና ፖታሲየማቸው ወርዶ ጡንቻቸው እስከ መዛል ይደርሳል። ከሁሉም የከፋው ልብ ላይ ነው። ብዙ ትነት የገባበት ልብ ለድንጋጤ ሆርሞን በጣም ስሜታዊ ስለሚሆን በድንገት ምቱ ሊዛባና ሊቆም ይችላል። ስለዚህ እየሳበ ያለን ልጅ አታባርሩት፣ አታስደንግጡት። በእርጋታ አናግሩት፣ አየር ወዳለበት ውሰዱት።

አደገኛነትና ተጋላጭነት ይለያያሉ

«እንግዲያውስ ቲነር አይነካም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ስያሜው የሚነግረን ገደል መኖሩን ነው። ከገደሉ ምን ያህል እንራቅ የሚለው የእኛ ስራ ነው። በመስኮትና በበር ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ለአሥር ደቂቃ መቀባትና በተዘጋ ክፍል ቀኑን ሙሉ መርጨት አንድ አይደሉም።

አየር ውስጥ ምን ያህል ይፈቀዳል በሚለው ላይም ባለሙያዎች እኩል አይደሉም። የአሜሪካ የስራ ደህንነት ሕግ ለ8 ሰዓት ስራ በአማካይ 200 ፒፒኤም ይፈቅዳል፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር እጅ 200 እጅ። እዚያው አገር ያለው የኢንዱስትሪ ንጽህና ባለሙያዎች ማህበር የሚመክረው ግን 20 ነው፤ አሥር እጥፍ ያነሰ። ሕጉ የቆየ ነው፣ ምክሩ ደግሞ አዳዲስ ጥናት እያየ ወርዷል። ትምህርቱ «ከተፈቀደው በታች ነን» ብሎ አለመዘናጋት ነው።

ካንሰርን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ቶሉዊንን ቡድን 3 ውስጥ አስቀምጦታል። ትርጉሙ «ካንሰር ያመጣል ወይም አያመጣም ለማለት ማስረጃው አይበቃም» ነው፤ «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ስሙ የሚቀራረበው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ግን ቡድን 1 ነው፤ የደም ካንሰር ያመጣል። መኪና ከሚነዳው ቤንዚን ጋር አታምታቱት፤ ነዳጁ ውስጥም ግን በትንሹ ይገኛል። እጃችሁን በነዳጅ አትታጠቡ የምለው ለዚህም ነው።

ሦስት የተለመዱ የተሳሳቱ እምነቶች

«ወተት ስጠጣ ያጥብልኛል።» ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ትነቱ የገባው በሳንባ ነው። አይገናኙም። ወተቱን ለምግብነት ጠጡት፣ ግን መስኮትን አይተካም። አሰሪዎችም ወተት ስለገዛችሁ ግዴታችሁን የጨረሳችሁ አይምሰላችሁ።

«ማስክ አድርጌያለሁ።» የጨርቅ ማስክም፣ የሐኪም ቤቱ ማስክም፣ ኤን 95ም አቧራና ጠብታ እንጂ ትነት አይዙም። የሚያስፈልገው ለኬሚካል ትነት የተሰራ፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። ማጣሪያውም ያልቃል፤ ሽታው ማለፍ ከጀመረ ጊዜው አልፏል።

«ለምጄዋለሁ፣ አይሸተኝም።» የለመደው አፍንጫችሁ ነው፣ አንጎላችሁ አይደለም። ሽታው ጠፋ ማለት ትነቱ ጠፋ ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• በርና መስኮት በትይዩ ክፈቱ፤ ማራገቢያ ካለ አየሩን ወደ ውጪ የሚገፋ ይሁን። ለእሳት የማይጋለጥ ዓይነት መሆኑንም አረጋግጡ።
• ክዳን ሁልጊዜ ይዘጋ። የራሰ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።
• እጃችሁን በምግብ ዘይት አሽታችሁ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ።
• በስራ ልብስ ቤት ገብታችሁ ልጅ አትቀፉ።
• እዚያው ክፍል ውስጥ አትብሉ፣ አታጭሱ፣ አትተኙ።

አደጋ ከደረሰ

ትነት ያዞረውን ሰው ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት። እናንተም ጉድጓድ ውስጥ ዘልላችሁ እንዳትገቡ፤ ሁለተኛ ተጎጂ ነው የምትሆኑት። መጀመሪያ አየር ይግባ፣ እርዳታ ይጠራ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁና በሳሙና እጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ከተዋጠ እንዲያስመልስ አታድርጉ፣ ወተትም ዘይትም አትስጡ፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ዕቃውን ወይም የስያሜውን ፎቶ ይዛችሁ ኑ፤ ለእኛ ለሐኪሞቹ ትልቅ እገዛ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳት አደጋ 939 ደውሉ።

መብታችሁንም እወቁ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሰሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያስገድዳል። ስራው ለእርግዝናዋ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ደግሞ እርጉዝ ሰራተኛ ወደ ሌላ የስራ ቦታ እንድትዛወር ይደነግጋል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ለእኔ ዋናው

ይሄ ሁሉ ሥዕል፣ ኮድና ምድብ ያለው በትልቁ በርሜል ላይ ነው። እኛ ግን ሱቅ ሄደን አንድ ሊትር በሃይላንድ እናስቀዳለን። ያኔ ስያሜው በርሜሉ ላይ ይቀራል፣ መርዙ ብቻ ከእኛ ጋር ቤት ይመጣል፤ ውሃ መስሎ፣ በውሃ ዕቃ ውስጥ። ውሃ የጠማው ልጅ ኮድ አያነብም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁን ፈትሹ። በሃይላንድ የተቀመጠ ቲነር፣ ማስለቀቂያ ወይም ነጭ ጋዝ ካለ ከውሃና ከምግብ ዕቃ ጋር ወደማይመሳሰል፣ ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ ዕቃ ገልብጡት። ላዩ ላይ በትልቁ «ቲነር፣ መርዝ፣ እሳት» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበትና ልጅ የማይደርስበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።

እሁድ እሁድ ብቻ የሚሻለው ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህንን ጽሑፍ አጋሩት፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄድም ስራውን ሳይጠየቅ እንዲናገር ንገሩት። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።